ከቦሌ ዋሽንግተን የዐሥር ሰዓት መንገድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ነሐሴ ታላቅ እህቴ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከደብረ ብርሃን ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ፣ ቲኬቱን የቆረጠላቸው ሠራተኛ «ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ይነሳሉ፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳሉ፤ የዐሥር ሰዓት መንገድ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። እትዬም ይህንኑ አምነው ለዐሥር ሰዓት የሚበቃ ቆሎ ብቻ በእጅ ቦርሳቸው ያዙ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ግን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተቱት።

ሠራተኛው የቀነሰው የሁለት አገር ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በበጋችን ከእኛ 8 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያዞሩበት ወቅት ደግሞ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ የእትዬ ጉዞ፣ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የታረፈበት ጊዜ ተጨምሮ፣ 17 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና ጾማቸውን በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚፈቱ ግራ ገብቷቸው እንደነበር ደርሰው ሲደውሉ ነገሩን።

በጂኦግራፊ መምህርነት የኖርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ ርቀቱን ራሴ ለካሁት። ከጋቢዬ ጫፍ የመዘዝኩትን ክር ቤቴ ባለችው አሮጌ ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጠር አድርጌ ስይዘው፣ ክሩ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ እንደሚያሳየው በቻድና በኒጀር በኩል አያልፍም፤ በሱዳንና በሊቢያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ እኩሌታው ፖርቱጋል ላይ ያርፋል። ይህ አጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ከዋሽንግተን ሳያርፍ የሚመለሰውም በዚሁ ገደማ ጊዜ ይደርሳል።

ታዲያ ሲሄድ ለምን ያርፋል? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ የዋሽንግተኑ ማረፊያ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል የምናውቅ የሰሜን ሸዋ ሰዎች የደጋ አየር ስስ መሆኑ አይገርመንም። ስስ አየር ክንፉንም ሞተሩንም ስለሚያደክም፣ መንገደኛና የሙሉ ጉዞ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ከፍታው ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል፤ ሲመለስ ግን ይገፋዋል።

ከደብረ ብርሃን በጫጫ፣ በሸኖና በሰንዳፋ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት ያለውን 130 ኪሎ ሜትር፣ ቦሌ ደግሞ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘትን ስንጨምርበት፣ እትዬ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ልጃቸው ቤት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የበረራ መረጃም ሆነ የቲኬት ማስታወቂያ ሲያወጣ ርቀቱን፣ በአየር ላይ የሚቆየውን ጊዜና አጠቃላዩን የጉዞ ጊዜ ለየብቻ እንዲጽፍ፣ የመድረሻውንም ሰዓት በአገሩና በእኛ አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እትዬ በጥር ይመለሳሉ፤ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳቸው እንዲይዙ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን