ለካ ኢንተርኔቱን የሚቆራርጠው ምጣዱ ኖሯል

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

የአንባቢያን ገጻችሁ ላይ «ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ አስቸገረን» የሚል ደብዳቤ በየጊዜው አያለሁ። እኔም ባለፈው አንድ ጽፌ ነበር፣ ያውም በንዴት። ደግነቱ ሳልልከው ቀረሁ። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጉድ ሆኜ ነበር፤ ጥፋቱ እዚሁ ጀሞ፣ የእኔው ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ነበራ።

ፋይበር የሚባለውን የኢንተርኔት መስመር ያስገባነው አምና ነው። ስልክ ላይ ቴሌግራም ምናምን ሲሉበት ምንም አይል። ቲቪው ላይ ግን ማታ ኳስ በቀጥታ ልይ ብዬ ስቀመጥ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ጎል የሚገባውም ልክ ያኔ ነው፤ ጎረቤት ሲጮህ እሰማለሁ፣ እኔ ክቧን አያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ ጭራሽ ድርግም ይልና ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይመለሳል።

ኢንተርኔት የሚያቀርብልን ድርጅት ጋ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አትጠይቁኝ። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ይሉኛል፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን ማለታቸው ነው። አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፣ ይሠራል። ሁለት ቀን ቆይቶ ያው ነው። እኔም መስመራቸው የተበላሸ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በመጨረሻ ከላይ ፎቅ ያለው የጎረቤቴ ልጅ መጣ። ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ሲቆምብህ ሳጥኑ ላይ የትኛው መብራት ነው የሚበራው?» አለኝ። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም! ኤል ኦ ኤስ የሚለው ቀይ ከሆነ ፋይበሩ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ ያኔ መደወል ነው። የእኛው ግን አረንጓዴውን አብርቶ ቁጭ ብሏል።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ከፍቶ ፒንግ የሚባለውን ነገር በሁለት መስኮት አስነሳ። በአንዱ የራሳችንን ራውተር፣ በሌላው ውጭ ያለ ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ሩቅ ኮምፒውተር፣ «አለህ?» እያለ በየሰከንዱ ይጠይቃል። ራውተሩ ቶሎ ቶሎ እየመለሰ ውጭ ያለው ብቻ ዝም ካለ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው። ራውተሩ ራሱ ዝም ካለ ግን ሌላ ሰው መውቀስ አይቻልም። ማታ ኳስ ሲጀመር አብረን አየነው። ሁለት ክፍል አልፎ ያለ ሳጥን አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ይጠፋል። ለእኔ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ስልኩ ላይ ባለ አፕ ሲያሳየኝ በአካባቢያችን የሌለ ዋይፋይ የለም፣ ከላይም ከታችም ከጎንም ይመጣል። 2.4 ጊጋኸርትዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች (የሞገዱ መንገዶች በሏቸው) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ የእኛ ራውተር ከግማሹ ሕንፃ ጋር 6 ላይ ተኮልኩሏል። ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ደግሞ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። አጥፍቼ ሳበራው የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ራውተሩ ሲነሳ ክፍት ያለውን ቻናል ይመርጥና ጎረቤት እስኪመጣበት ድረስ ይሠራል። ቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ ከፊት ከፊት እያወረደ ስለሚያከማች ትንሽ ቢቋረጥ አይታወቅም። በቀጥታ የሚተላለፍ ግን የሚያከማቸው የጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ክቧ ትመጣለች።

5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ይሻላል፣ መጨናነቁ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ግድግዳ ብዙም አያልፍም፣ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ራውተሩን በር ጥግ ላይ መትተውልን የሄዱት ሽቦው የገባበት እዚያ ስለሆነ ነው። ስለ ቦታ ያነሳልን ሰው የለም። ልጁ ከራውተሩ እስከ ቲቪው 15 ሜትር ኬብል ዘረጋልኝ፣ አለቀ። ብዙ ቲቪዎች የኬብል መሰኪያቸው ከ100 ሜጋ ቢት በሰከንድ አይበልጥም፣ ግን ጥሩ ጥራት ላለው ቪዲዮ 5 ገደማ ከበቃ ምን ጎደለ? ባለቤቴ ኬብሉ ምንጣፉ ዳር ሲታይ ደስ አይላትም። እሱን አልፈታነውም።

የቅዳሜው ግን በኬብልም አልተፈታም። ቅዳሜ እኛ ቤት እንጀራ ይጋገራል። ልጁ ምጣዱ ሲሰካ አየና «ጋሼ፣ ምጣዱ ነው» አለ። ሳቅኩበት። የራውተሩ አዳፕተር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፏል፣ መብራቱ ትንሽ ቢወርድ ምን ይሆናል ብዬ ተከራከርኩት። እሱ ግን የራውተሩ ሶኬት ከየት እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ለካ ከማድ ቤቱ ሶኬት ተቀጥሎ የመጣ ነው። ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። መጋጠሚያው ላልቶ ኖሮ ምጣዱ ሲጫንበት ኃይሉ ለቅጽበት እልም ይላል፣ ራውተሩም እንደ አዲስ ይነሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ሶኬቱ ሲከፈት ውስጡ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ስለ ኢንተርኔት ስናወራ ቤት ልናቃጥል ነበር። ምጣዱ አሁን የራሱ መስመር አለው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ድርጅቱን ነጻ ለማውጣት አይደለም። አንድ ቴክኒሻን ገና ሲገጥም «እዚህ ብትሰቅሉት ቲቪው ጋ አይደርስም» ቢለን፣ ወይም የመብራቶቹን ትርጉም የያዘች አንዲት ወረቀት በአማርኛ ቢተውልን፣ እኔም ያን ሁሉ ስልክ አልደውል፣ እነሱም አይሰለቹ ነበር። ወረቀቷ ስንት ብር ታወጣለች? እናንተም ብትሆኑ ከቅሬታዎቹ ጎን አንድ ቀን «መጀመሪያ ይህን እዩ» የሚል ጥግ ብትከፍቱ ሰው ይጠቀምበታል፤ ልጁ ይጽፋል፣ ጠይቄዋለሁ።

ያ ያልላክሁት ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀዩ መብራት የበራ ቀን እልከዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጀሞ