ንጉሡ ሠ (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ቁምሳጥኑን ስታጸዳ ያገኘችውን የተማሪነት ፎቶዬን በቴሌግራም ከላከችልሽ በኋላ የጻፍሽውን አየሁት። «አባዬ፣ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የተማርከው? ታዲያ ለምን ካቶሊክ አልሆንክም?» ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አዎ፣ አዲግራት፣ ሚሲዮኖቹ ጋ ነው የተማርኩት። ያኔ አዲግራት ትንሽ ከተማ ናት። የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ግዕዝ የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ጠመኔ መያዝ ሲያቅተኝ እጄን በእጃቸው ሸፍነው አብረውኝ ይጽፋሉ። «ይቺ እሳቱ ሰ ናት። ያቺ ደግሞ ንጉሡ ሠ ናት። ንጉሥን በእሳቱ ከጻፍከው አቃጠልከው ማለት ነው» ይሉኛል። ይኸው እስከ ዛሬ በቴሌግራም እንኳ ሳልለይ አልጽፍም፤ አንቺም ትሥቂብኛለሽ።

ሰው «የፈረንጅ ትምህርት ቤት» ሲለው የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ነገሩ ከሥሩ እንዲያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1839 ጣሊያናዊው ዩስቲኖስ ዴ ያዕቆቢስ ዐድዋ ገቡ። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ፣ ያገሩን ልብስ ለበሱ፣ ሰዉም አባ ያዕቆብ ማርያም አላቸው። የቅዳሴውን ሥርዓት ወደ ላቲን ልለውጥ አላሉም፣ በግዕዙ ቀጠሉ። በኋላም እዚያው አዲግራት አጠገብ፣ ጉዋላ ላይ፣ ወጣቶችና መነኮሳት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። የኔዎቹ መምህራን ስለ ጉዋላ ሲያወሩ ትላንት የሆነ ነበር የሚመስለው።

አሁን የጎጃሙን ሰው ልንገርሽ፤ እኔ ከሁሉ የምወዳቸው እሳቸውን ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። መነኩሴ ናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው አያይም፣ ግን የሚያነቡትና የሚጠይቁት አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1841 የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ እንዲመጣላቸው መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አንዱ ነበሩ። አባ ያዕቆብም አብረው ሄዱ። አቡነ ሰላማ ተሾመው መጡ፤ ሁለቱ ግን ከካይሮ ሮም፣ ከሮም ኢየሩሳሌም ዞረው ተመለሱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ፤ ጉዋላ ላይ ማስተማርና መጽሐፍ ማዘጋጀትም ጀመሩ። ያገራችን ሊቅ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ለገዛ ልጆቹ። ይሄ ምኑ ነው የፈረንጅ?

ከዚያ ስደት መጣ። ሄደው ያስመጧቸው ጳጳስ አሳዳጅ ሆኑባቸው፤ በኦርቶዶክስነቴ ይሄን ስጽፍልሽ ያመኛል፣ ግን የሆነው ይሄ ነው። የጉዋላው ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰዎቹ ወደ ዓሊቴና፣ ወደ ኢሮብ ሕዝብ ተራራማ አገር፣ ሸሹ። አባ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1849 ምፅዋ ላይ ጵጵስና የተቀበሉት በሌሊት ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እጅ ወድቀው በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ከሠራዊቱ ኋላ ሲነዱ ሞቱ። አባ ያዕቆብም በ1860 መንገድ ላይ ዐረፉ፤ መቃብራቸው ኤርትራ፣ ሄቦ ነው። ትምህርቱ ግን አልጠፋም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኔ በብርድ የምንቀጠቀጠው ልጅ ጋ ደረሰ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ካቶሊክ ያልሆንኩት ማንም ሁን ስላላለኝ ነው። አያትሽ ልታስመዘግበኝ የወሰደችኝ ቀን በሩ ላይ ቆማ «ፊደሉን ውሰድ፣ ማዕተብህን እንዳትፈታ» ብላኝ ነበር፤ ፈርታ ነበር። ማዕተቤን የነካው የለም። እንዲያውም እኒያ ሽማግሌ አንድ ቀን ክሩ ሳስቶ ሊበጠስ መድረሱን አዩና «ነገ እናትህ አዲስ ትሰርልህ» አሉኝ። ለእሷ ስነግራት ምንም አላለችም። ግን በበለስ ወቅት የተላጠ በለስ በሳህን ሞልታ ለመምህሬ ላከችኝ። ይዤ ስሄድ የነበረኝን ኩራት አልረሳውም።

ለፋሲካ ስትመጪ ሌላም አወራሻለሁ። ፎቶውን ግን «ቆርጬ ፕሮፋይል አደርገዋለሁ» ያልሽው ነገር ይቅር። ከዳር በኩል እጅጌና ጠመኔ የያዘ ክንድ ብቻ ይታያል አይደል? እሳቸው ናቸው።

አባትሽ