ከጀልባ ወለል ላይ የምንጣፍ ጎማ ለማስለቀቅ ቤንዚን አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጥገና ምክር ዓምዳችሁ፣ ከጀልባ ወለል ላይ ምንጣፍ ሲነሣ ተጣብቆ የሚቀረውን የጎማ ቅሪት «ቤንዚን አርከፍክፎ በሽቦ ብሩሽ ግራይንደር መፋቅ ነው» የሚል ምክር ወጥቷል። ምክሩ ጀልባ ሊያቃጥል ይችላል። ሳያቃጥል ቢቀር እንኳ ወለሉን ያበላሻል። አንባቢ ሳይሞክረው ቢታረም መልካም ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ጀልባ ደግሞ ከወለሉ ሥር ባዶ ሆድ አላት፤ ትነቱ በየብሎኑ ቀዳዳና በየክፍተቱ ወርዶ እዚያ ይተኛል፣ ነፋስም አያገኘውም። በዚያው ሆድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም በራሱ የሚነሣ ፓምፕ፣ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። የብረት ብሩሽ የተገጠመለት ግራይንደርም በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ እየዞረ ብልጭታ የሚረጭ መሣሪያ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጣመር ምን ታስቦ እንደሆነ ለመረዳት ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ቤንዚን ሲደርቅ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ፣ ኋላ የሚቀባው ቀለም ወይም ሙጫ በደንብ አይዝም።

ማንኛውም ማሟሟያ ከመከፈቱ በፊት መታወቅ ያለበት ወለሉ ከምን እንደተሠራና የቀረው ቅሪት ምን እንደሆነ ነው። የምንጣፉ ጀርባ ብዙ ጊዜ ከላቴክስ የተሠራ ስፖንጅ ጎማ ነው። ሲያረጅ ይደርቅና በጥፍር ሲጭሩት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ከሥሩ የሙጫው መስመሮች ይታያሉ፤ ሙጫው በጥርሳም ስፓቱላ ስለሚቀባ እንደ እርሻ ትልም ጎን ለጎን ተሰምሮ ይቀራል። ጎማው የሚይዘው በትልሙ ጀርባ ላይ ነው፤ በመካከሉ ያለው በቀላሉ ይለቃል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከሙጫው ጋር ነው።

የሚረግፈው ጎማ ግን መጀመሪያ በደረቁ ተፍቆ፣ ተጠርጎና በቫኪዩም ተመጥጦ መውጣት አለበት። ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ዱቄቱ ማሟሟያ ሲነካው ጥቁር ጭቃ ይሆንና እንዳያንሸራትት ተብሎ በወለሉ ላይ በተሠራው ሻካራ ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ጉድጓድ በብሩሽ መልቀም ነው። ምንጣፉ ገና ያልተነሣ ከሆነ ደግሞ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ቆርጦ፣ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፎ በዝግታ መሳብ ይሻላል። በድንገት ሲመነጨቅ ላዩ ይነሣና ጀርባው ወለሉ ላይ ይቀራል።

ሙጫውን ለመለየት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሙከራ ይደረጋል። በሳሙና የሞቀ ውሃ፣ አልኮል፣ የዘይት ቀለም የሚቀጥንበት አኳራጅ፣ በመጨረሻም ዛይሊን የሚባለው ጠንካራ ማሟሟያ በየተራ በተለያየ ጨርቅ ላይ ይደረጉና፣ እያንዳንዱ ጨርቅ በራሱ ቦታ ላይ ተነጥፎ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለ20 ደቂቃ ይቀመጣል። በውሃ የተበጠበጠ ሙጫ በሞቀ ውሃ ወይም በአልኮል ይለሰልሳል፣ አንዳንዴም ይነጣል። እንደ ማስቲሽ ያለው የጎማ ሙጫ በአኳራጅ ያብጣል፣ በዛይሊን ደግሞ እየተሳበ ክር ያወጣል። በየትኛውም ያልተበገረ እንደሆነ ምናልባት ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሙጫ ነው፤ እሱን የሚያሟሟ ነገር ፍለጋ ጊዜ ከማባከን ወደ መፋቂያው መሄድ ነው። ከሠሩት ሁሉ ለሥራው የሚመረጠው ለስላሳው ነው። በሳሙና ውሃ የሚለቅን ሙጫ በዛይሊን ማጥቃት ለሳንባም ለወለልም ጉዳት ነው።

ወለሉ ፋይበር ግላስ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው አብረቅራቂ ሽፋን፣ ማለትም ጄልኮቱ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሽቦ ብሩሽ በሰከንዶች ውስጥ ያልፈዋል። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት የቀለም ማስለቀቂያም ሙጫውንና ጄልኮቱን አይለይም፤ ሽፋኑን ያኮማትረዋል። አሴቶን በጨርቅ ተደርጎ ፈጥኖ ለመጥረግ ይሆናል፤ ፈስሶ እንዲቆይ ከተተወ ግን ጄልኮቱን ያለሰልሳል፣ ድምቀቱንም ያጠፋል። የመኪና ቀለም ቲነርም ብዙውን ጊዜ ቶሉይንና አሴቶን ስለሚቀላቀልበት ከዚሁ ጋር ይመደባል።

ለፋይበር ግላስ የሚሻለው ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት የሚዘጋጀው ወፍራም ማስለቀቂያ ነው፤ ግዢው በስሌት ይሁን። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመቀባት 1 ሊትር ያስፈልጋል። ትልም ለሠራ ሙጫ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር መቀባት ስለሚገባ፣ ለካሬ ሜትር 2 ሊትር ማለት ነው። ሰዎች በአንድ ቆርቆሮ ሙሉውን ወለል ለማዳረስ ሲሉ እንደ ቀለም ያቀጥኑትና «አይሠራም» ይላሉ። ሲቀባ ወዲያው በስስ ፕላስቲክ ይሸፈን፣ ጠርዙም ወለሉ ላይ ተጭኖ ይታሸግ። ከ1 እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ አለ። የሚሠራው ጊዜው ነው፤ ጉልበት የሚመጣው ኋላ ነው። አንድ ጥግ ገልጦ በስፓቱላ ሲገፉት ሙጫው እንደ ጥቅል ከተነሣ ደርሷል፤ ስፓቱላው እየተንሸራተተ ካለፈ እንደገና ይሸፈን። በአንድ ጊዜ ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ አለመክፈትም ተገቢ ነው፤ የለሰለሰ ሙጫ አየር ሲያገኝ ደርቆ መልሶ ይይዛል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ወለል ላይ ደግሞ ከፕላስቲኩ ሥር ሳይቀር ስለሚደርቅ፣ ሥራው በጥላ ወይም ገና በጠዋት ይሁን።

መፋቂያው የፕላስቲክ ስፓቱላ ይሁን። የብረት ካስፈለገ ሁለቱ ማዕዘኖቹ በሞረድ ክብ ይደረጉ፣ ሲገፋም ወደ ወለሉ ተኝቶ ይያዝ፤ ጄልኮትን የሚቦረቡረው ስለቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። በሻካራው ቅርጽ ውስጥ የቀረው በናይሎን ብሩሽ እየተዞረ ይታሻል። ከዚያ ሰጋቱራ ይነሰነስበትና ሁሉም ተጠርጎ ይሰብሰብ። ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ወንዙ በቧንቧ ውሃ አጥቦ መልቀቅ የለም፤ ማስለቀቂያው «ተፈጥሯዊ» መባሉ ለዓሣ ደግ አያደርገውም። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ፣ ከሥሯ ሸራ ተነጥፎ ቢሠራ ከሁሉም ይሻላል።

ሂትገን የሚባለው ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያም ይረዳል፤ በተለይ ለጎማ ሙጫ። ነገር ግን ከአፉ የሚወጣው አየር ብዙ መቶ ዲግሪ ይደርሳል፤ የፋይበር ግላሱ ወለል ግን ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳያልፍ መጠበቅ አለበት። ከዚያ በላይ ሲሆን ፋይበሩን አጣብቆ የያዘው ሬዚን ይለሰልሳል፤ በመሃሉ ስፖንጅ ያለው ወለል ከሆነ ደግሞ ሊያብጥ ይችላል። መሣሪያው አንድ ቦታ ሳይቆም ይንቀሳቀስ፣ ከኋላው ስፓቱላው ይከተል። ሙቀትና ማሟሟያ በአንድ ቀን በአንድ ጀልባ ላይ አይገናኙ። በማሟሟያ የሚሠራ ከሆነም ባትሪው አስቀድሞ ይነቀል፣ የወለሉ መክፈቻዎች ሁሉ ተከፍተው የጀልባዋ ሆድ ነፋስ ያግኝ። የአቧራ ጭምብል ትነት አያስቀርም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ናይትራይል ጓንት አኳራጅን ይቋቋማል፣ አሴቶንን ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚችለው፤ ለሱ የቡቲል ጎማ ጓንት አለ። የራሰውን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ላይ መወርወርም አይገባም፤ ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።

አሉሚኒየም ሙቀትንና አብዛኛውን ማሟሟያ ይችላል፣ ቀለም ካልተቀባ ማለት ነው። የሱ ጠላት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ምድጃ ማጽጃና አንዳንድ የቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ አለ፤ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። ተራ የብረት ሽቦ ብሩሽም በዚህ ወለል ላይ ሌላ ጣጣ አለው፤ የሚሰባበሩት የብረት ቅንጣቶች አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰካሉ፣ እርጥበት ሲያገኙ በየተሰኩበት ቦታ ጉድጓድ ያበጃሉ። ናይሎን ወይም የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ። ስፓቱላውም ሪቬት ራስ ላይ እንዳይያዝ ዓይን ይከተለው፤ የተነቃነቀ ሪቬት ውሃ ያስገባል።

ኮምፔንሳቶ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ፈሳሽ አይወድም፤ ማሟሟያው ሙጫውን አቅጥኖ ወደ እንጨቱ ያስገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ኤፖክሲም ቀለምም አይዘውም። በደረቁ መፋቅ፣ ቀጥሎ 40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት። ወረቀቱ ሙጫው ሲሞቅ ስለሚደፈን ወረቀቱ የተገጠመበት ማሽን በዝግታ ይሂድ። ከዚያ በፊት ግን ወለሉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ጎማው ለዓመታት ውሃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ድምፁ የታፈነ ከሆነና ወስፌ ሲወጉት ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ እሱን ከመፋቅ አውጥቶ መቀየር ነው።

ወለሉ ንጹሕ መሆኑን ዓይን ብቻ አይነግርም። በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ከደረቀ በኋላ በፋይበር ግላሱ ወይም በአሉሚኒየሙ ላይ ጥቂት ውሃ ይረጭ። ውሃው ሳይቆራረጥ ከተነጠፈ ደህና ነው። ተሰብስቦ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ቅባት ወይም ሙጫ ቀርቷል። ያኔ በሁለት ጨርቅ ነው የሚጠረገው፤ አንዱ ማሟሟያ የነካ፣ ሌላው ደረቅና ንጹሕ፣ የፊተኛው ሳይደርቅ ተከትሎ የሚያነሣ። በአንድ ጨርቅ ሲታሽ ቆሻሻው ከቦታ ወደ ቦታ ይዞራል እንጂ አይወጣም። ለቀለም የሚዘጋጅ ወለል ከዚህ በኋላ በ80 ቁጥር ወረቀት ይሻከራል፤ ከመጥረጉ በፊት ከተሻከረ ግን ሙጫው ወደ ጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። ሌላ ምንጣፍ የሚለጠፍ ከሆነም ጀርባው ጎማ የሌለው፣ ውሃ የሚያሳልፍ ዓይነት ይመረጥ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጀልባ ጥገና ባለሙያ