ጠመንጃው ራሱ አይተኩስም፣ ስለ ፍሮንት ሬስት ትንሽ ልበላችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ጠዋት ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ጋ ካለች አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ አንዱን ቅጂ ለአራት ስለምንካፈለው የስፖርት ገጹ እኔ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ቡና ፈሶበት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ቤንችሬስት የኢላማ ተኩስ የጻፋችሁትን ሳይ ገጹን ቀድጄ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፣ ጓደኞቼ እስካሁን እንደተቀየሙኝ ናቸው።

ጸሐፊያችሁ ሁለት ነገር ብሏል። አንዱ፣ ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ በማስደገፊያ ስለሚቀመጥ ሰውየው ቃታ ከመሳብ ውጪ ሥራ የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መወዳደር የፈለገ ሰው ውዱን፣ ባለ ጆይስቲኩን፣ በአንድ ዘንግ የሚታዘዘውን ማስደገፊያ ከገዛ ግማሽ መንገድ ሄዷል የሚል። እኔ ተኳሽ አይደለሁም፣ ጠመንጃም የለኝም፣ የአያቴ ምንሽር እንኳን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ግን 26 ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ፍሮንት ሬስት የሚሉትን ማስደገፊያ ደግሞ በእጄ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ አንዱ ከሽፎብኝ።

የእህቴ ልጅ ኦሃዮ ነው የሚኖረው፣ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ከዚህ ውድድር አይጠፋም፣ ሚስቱ ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ደውሎ ጋሼ አንድ ነገር ትሠራልኛለህ ወይ አለኝ፣ ስም ያላቸው ባለ ጆይስቲኮቹ ከሺ ዶላር በላይ ናቸው፣ ፋርሊ የሚባል አለ፣ ሴብ የሚባል አለ፣ ሴብ ግን አሜሪካ ሳይሆን ኢንዶኔዥያ ነው የሚሠራው ሲለኝ ልቤ ተነሳ። ኢንዶኔዥያ ያለ ሰው ሠርቶ አሜሪካኖቹ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ ተክለ ሃይማኖት ምን ጎደላት አልኩ። ትዕቢት ነበር፣ አሁን ሳስበው።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ውድድሩ እንዲህ ነው። 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ከምናምን ላይ አምስት ጥይት ወረቀት ላይ ይተኮሳል፣ ከዛ በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከመሀል እስከ መሀል ይለካሉ፣ ያነሰ ያሸንፋል። ጎበዞቹ የአምስት ዙር አማካያቸው 5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አምስት ጥይት ማለት ነው፣ ቀዳዳው አንድ ነው የሚመስለው። ጠመንጃው ክብደቱ ቀለል ባለው ምድብ ከ10.5 ፓውንድ፣ 4.76 ኪሎ ማለት ነው፣ አይበልጥም፣ ከፊት በኩል ያለው እንጨቱም ከ3 ኢንች በላይ አይሰፋም። ከፊት ማስደገፊያው ላይ፣ ከኋላ ሰደፉ ጥንቸል ጆሮ ያለው የቆዳ ከረጢት ላይ ያርፋል፣ ሁለቱ እርስ በርስም ከጠረጴዛውም ጋር መታሰር አይችሉም፣ ጠመንጃውን ቀጥ አድርገህ ስታነሳው ምንም ሳይዘው መነሳት አለበት። ታዲያ ራሱ ነው የሚተኩሰው ያለው ማነው?

ሄጄ አይቻለሁ እኮ። ልጁ ወሰደኝና አንድ ቀን ሙሉ ከጀርባው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሜዳው ላይ እስከ ኢላማው ድረስ ትናንሽ የንፋስ ባንዲራዎች ተተክለዋል፣ ለአምስቱ ጥይት 7 ደቂቃ ይሰጣል፣ አብዛኛው ሰው ስድስቱን ደቂቃ ባንዲራ ሲያይ ነው የሚያጠፋው፣ ከዛ ንፋሱ እሱ የሚፈልገው ላይ ሲቆም ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አምስቱንም ጠጠጠጠጥ አድርጎ ይጨርሳል። ጠመንጃው ይራገጣል፣ ወደኋላ ይሄዳል፣ መልሶ ይገፋዋል፣ ጥይት ያስገባል፣ ያያል፣ ይተኩሳል። እዚህ ጋ ነው የማስደገፊያው ነገር የሚመጣው፣ ጠመንጃው ወደኋላ ሄዶ ሲመለስ እዛው የነበረበት ቦታ ላይ ካልተቀመጠ በየጥይቱ እንደገና ማስተካከል ነው፣ እስክታስተካክል ንፋሱ ሄዷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራዬ ባለ ጆይስቲክ ነበር፣ አንድ ዘንግ ይዘህ ወደላይ ወደታች ወደጎን በአንድ እጅ የምታደርገው። ሲያዩት ያምራል። መሞከሪያ ጠመንጃ ስለሌለኝ ከዋንዛ እንጨት 3 ኢንች ስፋት ያለው ጠመንጃ መሰል ጠረብኩ፣ ውስጡን ቦርቡሬ ብረት ከትቼ 4.76 ኪሎ አደረስኩት፣ ላዩ ላይ ልጆች የሚጫወቱበትን ቀይ ሌዘር በፕላስተር ጠቀለልኩና ማታ ማታ ማዶ ካለው ፎቅ ግድግዳ ላይ ማብራት ጀመርኩ። (በሁለተኛው ቀን የፎቁ ዘበኛ ፊሽካ እየነፋ መጣ፣ እሱን ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ ተዉት፣ በኋላ ግን እሱ ራሱ ማዶ ቆሞ ነጥቧ ምን ያህል እንደወረደች በጠመኔ ምልክት ያደርግልኝ ነበር።) ችግሩ ወዲያው ታየ። ዘንጉን ለቅቄ እጄን ሳነሳ ቀይዋ ነጥብ ቀስ እያለች፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው አንገት፣ ትወርዳለች። ማጥበቂያውን ሳጠብቀው ደግሞ ትቆማለች ግን ዘንጉን ስነካው እንቢ ብላ ትቆይና ድንገት ትዘላለች። ባለ ጆይስቲክ ማለት በፍትጊያና በሞላ ተመጣጥኖ የጠመንጃውን ክብደት የሚሸከም ነገር ነው፣ ፊት ለፊት የሚፋተጉት ሁለቱ ብረቶች እንደ መስታወት ካልለሰለሱ አይሠራም፣ የኔ ማሽን ያን አይሰጥም። ስለዚህ ሺ ዶላሩ በከንቱ እንዳልሆነ በዛ ገባኝ፣ ግን ርካሹን ጆይስቲክ የሚገዛ ሰው የኔን ውድቀት በገንዘቡ ነው የሚገዛው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ላይ ይሄ የለም። ከማስደገፊያው እስከ ኋላ ከረጢቱ የልጁ ጠመንጃ ላይ ስለካው 65 ሳንቲሜትር ነው። ኢላማው 91 ሜትር ላይ ነው፣ ሲካፈል 140 እጥፍ ይመጣል። ማለትም ካለምክ በኋላ ማስደገፊያው አንዲት አስረኛ ሚሊሜትር ከወረደ፣ ኢላማው ላይ 14 ሚሊሜትር ነው። በ5 ሚሊሜትር ለሚያሸንፍ ውድድር! ካሊፐር ይዞ የማያውቅ ሰው አስረኛ ሚሊሜትር ሲሉት ምንም አይመስለውም፣ አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት እኮ ያን ያህል ነው ውፍረቱ።

ሁለተኛውን በተራ ማዞሪያ ሠራሁት፣ አንዱ ወደላይ ወደታች፣ አንዱ ወደጎን። የማዞሪያውን ብሎን ጥርስ 1 ሚሊሜትር አወጣሁት፣ አንድ ሙሉ ዙር ኢላማው ላይ 14 ሳንቲሜትር ነው፣ የዙሩ አስረኛ 14 ሚሊሜትር፣ እጅ ደግሞ ከዛም ያነሰ ማዞር ይችላል። ዳዶውን ከብሮንዞ ሠርቼ በአንድ ጎን ሰንጥቄ የምታጠብቀው ትንሽ ብሎን አደረግኩበት፣ ጨዋታ ሲያበጅ ትጠብቃለች። እግሩን ከምናለሽ ተራ በኪሎ ከገዛሁት የአሮጌ ወፍጮ ብረት አወጣሁት፣ ሙሉው 11 ኪሎ መጣ፣ ሦስት ሹል እግር ብቻ ነው ያለው። አራት እግር ለምን አላረግህም የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ አራት እግር ያለው ወንበር ቡና ቤት ምን እንደሚሆን እያየ፣ ሦስቱ የትም ቢቀመጥ አይንገጫገጭም።

ከብረቱ ይልቅ ያስለፋኝ ግን ከረጢቱ ነው፣ ማንም የማያወራው እሱን ነው። ጠመንጃው የሚያርፈው ብረት ላይ ሳይሆን አሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቆመው የሚይዙት ጆሮዎች አሉ። መጀመሪያ የሞላሁት የግንባታ አሸዋ አቧራ ነበረው፣ እርጥበትም ነበረው፣ ሁለት ቀን ሳይቆይ መሀሉ ሰጠመ። ከዛ አጥቤ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ባለቤቴ ከቤት ስትወጣ ጠብቄ ምጣዷ ላይ አደረቅኩት (ይሄን እዚህ እንዳታነብ እንጂ)፣ እንደ ድንጋይ እስኪሆን ጠቅጥቄ ሞላሁት። ልስልስ ከሆነ ጠመንጃው ሲራገጥ ይዘላል፣ በየጊዜውም ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል። ስፋቱም የጠመንጃው እንጨት ልክ መሆን አለበት፣ ሰፊ ከሆነ ይዋኛል፣ ጠባብ ከሆነ ይነክሰዋል። ልጁ ሲደርሰው ቆዳው ላይ የሕፃን ፓውደር ነፋበትና ይሄው በቃ አለኝ።

ስለዚህ ለሚገዛ ሰው፣ ዲያስፖራው ያነበዋል ብዬ ነው፣ የኔ ምክር ይሄ ነው። የላዩን ክፍል በሁለት እጅ ይዘህ ጠምዝዘው፣ ከተንቀሳቀሰ ዋጋውን አትጠይቅ። ከዛ ጠመንጃህን አስቀምጥና በመነጽሩ እያየህ ወደኋላ ጎትተው ወደፊት ግፋው፣ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ከወጣና ከወረደ ደህና ነው፣ ወደጎን ካዘመመ ወይ ማስደገፊያው ከኋላ ከረጢቱ ጋር አልተሰለፈም ወይ ከረጢቱ ጠማማ ነው። ከፊት ማቆሚያ ያለው ይሁን፣ ጠመንጃውን ስትመልሰው እዛ ሲነካ ቦታው እንደሆነ ታውቃለህ። ጆይስቲክ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ በትንሿ ጥይት 50 ሜትር ላይ አንድ ወረቀት ላይ 25 ኢላማ ያለበት ውድድር አለ፣ እዛ ከአንዱ ወደ አንዱ 25 ጊዜ መሄድ ነው፣ በማዞሪያ ስታዞር ትውላለህ፣ ለሱ ጆይስቲክ ገንዘቡ ይገባዋል። አንድ ነጥብ ላይ አምስት ጥይት ለሚተኩስ ግን ምኑ ላይ ነው የሚሮጠው?

መላኩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፣ ስሙን የማልጠራው ቦታ ላይ ሻንጣው ተከፈተና ሦስት ሹል እግር ያለው 11 ኪሎ ብረት ወጣ። ፈታሹ አይቶ አይቶ የመትረየስ እግር ነው አለ። እኔ ተጠርቼ ስሄድ የለም የጠመንጃ ማስደገፊያ ነው አልኩ፣ ጠመንጃ የምትለዋን ቃል ከአፌ ባላወጣት ኖሮ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር፣ አራት ሰዓት ፈጀ፣ መንገደኛው በረራው ሊያመልጠው ለጥቂት ነው። በመጨረሻ ያስጣለን የልጁ ቪዲዮ ነው፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው፣ አንዱ ፈታሽ እንደውም ባንዲራዎቹን እያየ ንፋሱ አሁን ዞሯል አትተኩስ እያለ ለቪዲዮው መምከር ጀመረ።

ልጁ አሁን በሱ ነው የሚወዳደረው፣ አሸንፎ አያውቅም፣ ግን ሲሸነፍ ንፋሱን ነው የሚረግመው እኔን አይደለም። ባለፈው ወር የክለቡ አንድ ሽማግሌ አይቶት ለሱም እንድሠራለት ጠይቆኛል፣ ጥርሱን በዚህ ሳምንት እያወጣሁ ነው።

አንድ ማረሚያ አለኝና ብታወጡት ደስ ይለኛል። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ሥር ፍሮንት ሬስት ብላችሁ የጻፋችሁበት ነገር ፍሮንት ሬስት አይደለም፣ የኋላው ከረጢት ነው፣ የጥንቸል ጆሮ አለው እዩት። የኔን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አያይዤላችኋለሁ፣ ከፈለጋችሁ እሱን አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
የቶርኖ ባለሙያ፣ ከተክለ ሃይማኖት
አዲስ አበባ