ካርቶኑ ውስጥ ሣር አልነበረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው እሑድ የገጠመኝ ነገር ነው።

የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የብስኩት ካርቶን በሁለት እጁ አቅፏል። «እትዬ፣ ጥንቸሌ አልበላ አለች» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ካርቶኑን ከፈትኩት። አንዲት ግራጫ ጥንቸል ጥግ ይዛ ተኮማትራለች። ፊቷ ሁለት ሙሉ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን እና ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል። እናቱ ካላት ላይ ቀንሳ ነው የሰጠቻት። ፍቅር አልጎደለም። አንዲት ዘለላ ሣር ግን ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። አንጀቴ ተላወሰ። ከሦስት ዓመት በፊት የእኔም ካርቶን ልክ እንደዚሁ ነበር።

ያኔ ትምህርት ሲዘጋ ልጄ ወጥራ ያዘችኝ። መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልጅ ሁለት ጥንቸል ገዛሁላት። እያንዳንዳቸው ጭብጥ ያህሉ ነበር። «ምን ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያገኙትን። ካሮት፣ ጎመን፣ ዳቦ» አለኝ። አመንኩት። ልጄ ነጯን ጥጤ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቡናማዋን ደግሞ ሻሼ አለቻቸው። ካሮት ስታጎርሳቸው ፎቶ አነሳኋት። ካርቱን ላይ የምናየው ይሄንኑ አይደል?

በአምስተኛው ቀን ጥጤን ተቅማጥ ያዛት። በነጋታው ጠዋት ሞታ አገኘናት። ልጄ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ሻሼም ማግስቱን መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፍቷል። ጥርሷን ታፋጫለች። ያ የሕመም ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ በተለይ ልነግር የምፈልገው ነገር አለ። ከምሠራበት መድኃኒት ቤት የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ይዤ ገባሁ። በስሪንጅ ለክቼ ላጠጣት አዘጋጀሁ። ጎረቤትም «በቃ እሱ ነው መድኃኒቷ» አለችኝ። ደግነቱ ከመስጠቴ በፊት አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሐኪሙ ንግግሬን አላስጨረሰኝም። «እንዳትሰጫት! በአፏ ከሰጠሻት ትገድያታለሽ» አለኝ። ለልጅ የሚሆን መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ የሚሆነው በአንጀቷ ምክንያት ነው። ጥንቸል ሣሩን የምትፈጨው አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ነው። እንደ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች በአፍ ሲሰጡ ጠቃሚዎቹን ይጨርሳሉ። ቦታውን መርዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይይዙታል። እንስሳዋ በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስንት ዓመት መድኃኒት ስሸጥ ይህን አላውቅም ነበር። እባካችሁ፣ ቤት የተረፈ ሽሮፕ ለጥንቸል አትስጡ።

ሻሼን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፤ የሕመም ማስታገሻም ወጋት። ከዚያ «ሣር ትሰጫታለሽ?» አለኝ። «ሣር? ጥንቸል ናት እኮ፣ በግ አይደለችም» አልኩት። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠና በትዕግሥት አስረዳኝ።

የጥንቸል የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። በዓመት 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። መንጋጋዋም እንዲሁ አያቆምም። ሣር ስታኝክ አገጯን ወደ ጎን ታንሸራትታለች። ጥርስ ከጥርስ ይፋተጋል፤ ይሞረዳል። ዳቦና ካሮት ያን ያህል አያስኝኳትም። ጥርሱ እየሾለ ሄዶ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋል። ያን ጊዜ ርቧት እንኳ መብላት ያቅታታል።

ሁለተኛው ነገር ሆዷ ነው። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። የገባው ሁሉ ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ወደፊት የሚገፋው ደግሞ የሣሩ ፋይበር ነው። ሣር ከሌለ አንጀቷ ይዘገያል፤ ከዚያ ይቆማል። ስታርችና ስኳር ሲበዛበት ጋዝ ይሞላል። ስለዚህ ጥንቸል ግማሽ ቀን ያህል ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ነገ ይሻላት ይሆናል ተብሎ አይታደርም። ያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ነው።

ሻሼ በሦስተኛው ቀን ሣር ነከሰች። እኔና ልጄ መሬት ላይ ተኝተን ነበር የምናያት።

አንድ ማለዳ ደግሞ ልጄ እየጮኸች ቀሰቀሰችኝ። «እማዬ፣ ሻሼ ኩሷን እየበላች ነው!» አለችኝ። ልትከለክላት ስትታገል ደረስኩ። እኔም ደነገጥኩ። ሐኪሙ ስነግረው ሳቀ። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ኩስ አላት። አንዱ እንደ በግ በጠጥ ክብና ደረቅ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የተያያዘ ነው። ይህኛውን ብዙውን ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ በቀጥታ ከሥሯ ተቀብላ ትውጠዋለች። ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች ያሉት ምግቧ ነው። ብትከለከል ነው የምትጎዳው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር ተጠርታለች፤ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ግን አትበላም። እናቴ በዚሁ ምክንያት ቤት መግባቷንም አልወደደችውም ነበር። ይህን ስነግራት ግን ዝም ብላ አሰበችና «ለካ እሷም በራሷ መንገድ ታመሰኳለች» አለች። ከዚያ ወዲህ ሻሼን በእጇ ሣር ታበላታለች።

አሁን በየቀኑ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሻሼ 2 ኪሎ ትመዝናለች። በወጥ ቤት ሚዛን በየሁለት ሳምንቱ እመዝናታለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጀመሪያ የማየው በጠጧን ነው። ትልልቅ፣ ክብ፣ ብዙ ከሆነ ደኅና ናት። ካነሰ ወይም ከደቀቀ ሣር አልበላችም ማለት ነው። ከዚያ የራሷን ቁመና የሚያክል ድርቆሽ አስቀምጥላታለሁ። ማታም እጨምራለሁ። ድርቆሽ ተለክቶ አይሰጥም፤ ሌትም ቀንም ከፊቷ አይጠፋም። ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት።

ቅጠል የምሰጣት ማታ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በውሃ ብርጭቆ አንድ ያህል። ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ናና፣ በሶብላ፣ የካሮት ቅጠል እቀያይራለሁ። አዎ፣ የካሮት ቅጠል! ገበያ ላይ ቆርጠው የሚጥሉትን እኔ ለምኜ ነው የምወስደው። ሴቶቹ አውቀውኛል፤ ራሳቸው ያስቀምጡልኛል። ሥሩን ግን አውራ ጣት የማታክል ቁራጭ፣ ያውም በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የምሰጣት። ስኳር አለበት። ሙዝም እንደዚያው ነው። ቆስጣና ጎመን አልፎ አልፎ ጥቂት እጨምራለሁ። ጥቅል ጎመን ሆድ ስለሚነፋ ትቼዋለሁ። አዲስ ቅጠል ሳስለምዳት አንድ በአንድ ነው፤ በጠጧን እያየሁ። ለትንንሽ ግልገሎች ቅጠል ማጣደፍ አይገባም። ሦስት ወር እስኪሞላቸው የለመዱትን መኖና ድርቆሽ ቢበሉ ይሻላል።

ውሃ በከባድ የሸክላ ሳህን አቀርብላታለሁ። ጥንቸል ለክብደቷ ብዙ ትጠጣለች። ባለ 2 ኪሎዋ ሻሼ በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። በሞቃት ቀን ሁለቴ እቀይርላታለሁ።

ለጥንቸል ተብሎ የሚዘጋጅ እንክብል መኖ የምታገኙ ካላችሁ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 25 ግራም ገደማ ይበቃል። ሣሩን አይተካም። እኔ ሰፈር ስላላገኘሁ ያለሱ ነው የምኖረው። አንድ በግ የሚያደልብ ጎረቤታችን ፉርሽካ አምጥቶልኝ ነበር። አመስግኜ መለስኩለት። ፉርሽካ ለእሷ ሆድ ስታርቹ ይበዛል። የዶሮ መኖም አይሆንም፤ ለዶሮ ተብሎ የተቀላቀለ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ግን ለሚያድጉት ጥሩ ነው። ሰባት ወር ካለፋቸው በኋላ በየቀኑ ከበሉት ካልሲየሙ ይበዛል፤ ሽንታቸው ውስጥ እንደ ኖራ ይዘቅጣል፤ ጠጠርም ሊሆን ይችላል።

ጨርሶ የማይሰጡም አሉ። አቮካዶ ፍሬውም ቅጠሉም መርዝ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ ካለ ጥንቸሏን ከሥሩ አትልቀቁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ቸኮሌት፣ ጉሎ አይሆኑም።

ድርቆሹን ከመኖ ቤት ነው የምገዛው። የሱሉልታ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ አረንጓዴነቱን አይለቅም። ከመግዛቴ በፊት እጄን ሰድጄ ከመሃል እመዛለሁ፤ አሸተዋለሁ። ጥሩ ድርቆሽ እንደ ሻይ ቅጠል ይሸታል። የሻገተ፣ አቧራው የሚያስነጥስ ከሆነ ቢሰጡኝም አልወስድም። የጤፍ ጭድ ማኘኪያ ይሆናል፤ ብቻውን ግን አያኖራትም። የምገዛው ኅዳር ላይ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ የሚገባበት ጊዜ ነው። በማዳበሪያ ሞልቼ በረንዳ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ አኖረዋለሁ። ሁለት ማዳበሪያ ክረምቱን ያሻግረኛል። በዓመት ሲሰላ ለካሮትና ለዳቦ ከማወጣው ያነሰ ነው።

አሁን ሰኔ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ለምለም ነው። ሰርዶውን እየነቀላችሁ ስጧት፤ ትወደዋለች። ድርቆሽ ብቻ ስትበላ ለኖረች ግን በጥቂት በጥቂቱ ይጀመር። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር አትልቀሙ። ዝናብ የመታውን አራግፉትና ዘርግታችሁ አናፍሱት። ተከምሮ የሞቀ ሣር እና በማሽን ተከርክሞ ያደረ ሣር ሆድ ይነፋል።

የእሑዱን እንግዳዬን ልጨርስ። እሑድ ቢሆንም ሐኪሜ ስልክ አነሳልኝ። የልጁ እናት፣ ልጁና እኔ በአንድ ታክሲ ሄድን። ዳቦውን እዚያው ጣልነው። ከሻሼ ማዳበሪያ ሁለት እቅፍ ድርቆሽ ለካርቶኑ ሰጠሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወርድ ልጁ ደረጃው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ ሰባት ክብ በጠጦች አሉ። «እትዬ፣ ቆጠርኳቸው» አለኝ። አቀፍኩት።

በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ልመና አለኝ። መንገድ ዳር ጥንቸል የምትሸጡ ልጆች፣ እንጀራችሁ ነውና ሽጡ። ግን አንድ እስር ድርቆሽ አብራችሁ ሽጡ። ዋጋ ጨምሩበት፤ እኛም እንከፍላለን። ጭብጥ ያህሉትን ደግሞ ሁለት ወር እስኪሞላቸው ከእናታቸው ጋር አቆዩልን። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲለምኗችሁ መጀመሪያ መኖ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ጥንቸሏን ከዚያ በኋላ። ድርቆሽ የቸገረው የጀሞ ልጅ ካለ የእኔ በረንዳ ላይ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የሻሼ አሳዳጊ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ