የመጋዘኑን በር ማን ያየዋል?

ለአዘጋጁ፣

ጭነት ዘገየ ሲባል ሁሌም ጣት የሚቀሰረው መንገዱና ሾፌሩ ላይ ነው። መጋዘኑን የሚያነሳ የለም! መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ተነድቶ ይደርስና በር ላይ ተገትሮ ይውላል፤ መምጣቱን ለመጋዘኑ የነገረ ሰው የለም፣ ማራገፊያው ተይዟል፣ ዕቃ የሚያነሳው ማሽን፣ ፎርክሊፍቱም ሌላ ሥራ ላይ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. 58 ኮንቴይነር ጭና በአሜሪካ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን የሄደችው መርከብ አይዲያል ኤክስ የምትታወቀው በፍጥነቷ አይደለም፤ ዕቃ አንድ በአንድ በሰው ጉልበት መጫንና መውረዱን ስላስቀረች ነው። ወጪው ያለው እዚያ ነበራ! መድኃኒትና ምግብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ቀድሞ የሚበላሸው ቀድሞ ካልወጣ፣ አዲሱ ከፊት ይደረደርና አሮጌው ከኋላ ጊዜው ያልፍበታል። እባካችሁ ለመኪኖች የማራገፊያ ቀጠሮ ስለመስጠት ጻፉልን፤ ተጨማሪ መኪና ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

አንባቢያችሁ