ገመድ ጠየቅኩ፣ ማሽን ግዢ ተባልኩ

ለሕክምና መሣሪያ አቅራቢዬ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ባለፈው ዓመት ከእናንተ ቴንስ ገዝቼ ነበር፣ ያቺን በገመድ ተያይዞ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓድ ሕመም የምታስታግሰውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሽን። ለእናቴ ጉልበት ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ሞክሩት ያለችን። እውነቱን ልናገር፣ ጠቅሟታል። ጉልበቷን አያድነውም፣ ግን ቡና አፍልታ ከረከቦቱ ሥር ያለ ደጋፊ መነሳት ጀምራ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት «መጣ፣ ጠፋ» ትለኝ ጀመር። ፓዱ መጣበቅ ያቆመ መስሎኝ አዲስ ለጠፍኩላት። ያው ነው። አንድ ማታ ምንም አይሰማኝም ስትለኝ ኃይሉን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ እግሯን ዘርጋ ስታደርግ ገመዱ ተገናኘና የጨመርኩት ሁሉ ባንዴ መጣባት። ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ሳወጣ ዓይኗ ከእጄ አይነቀልም።

በማግስቱ ፈረንጅ አራዳ ወደሚሠራ ጠጋኝ ወሰድኩት። በቴስተር ለካው። ገመዱ ቀጥ ሲል ቴስተሩ ይጮኻል፣ ስፒናው ሥር ሲያጥፈው ዝም። የውጪው ላስቲክ ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ናቸው የተበጠሱት። ከማሽኑ ሁለት ገመዶች ደህናውን፣ የተበጠሰው ይሰካበት በነበረው ቀዳዳ ሰክተን ሞከርን፣ ሠራ። ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው። «ቆርጬ በይጄ ናስትሮ ልጠቅልልበት» አለኝ። እምቢ አልኩ። ብየዳው ከለቀቀ ያው የዚያ ማታው ነገር ሊደገም ነው።

ከዚያ እናንተ ጋ ደወልኩ። ሁለቴ «እንደውላለን» ተባልኩ። በስንት ጭቅጭቅ አንድ ገመድ በአውቶቡስ ላካችሁ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ስከፍተው ሌላ ነው! የበፊቱ ወደ ማሽኑ የሚገባው ጫፍ ብረቱ ፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀ ነበር፣ የላካችሁት ሁለት ራቁት ብረት ነው። እኛ ቤት የእህቴ ልጅ አለ፣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ግድግዳ ሶኬት ውስጥ ይከታል። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ከበሽተኛ ሰውነት ጋር የሚያያዝ ራቁት ጫፍ ያለውን ገመድ የከለከለችው፣ ገመዱ ሰውነታቸው ላይ እያለ ጫፉ ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ ሕፃናት ስለሞቱ ነው። ይህን እናንተ ልትነግሩኝ ሲገባ እኔ ልንገራችሁ?

መልሼ ስደውል ሠራተኛችሁ «ገመድ ለብቻው አይሸጥም፣ አዲሱን ሞዴል ግዢ» አለኝ። ለምን? ገመድ እኮ እንደ ፓዱ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ በየቀኑ የሚታጠፍ ነገር አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም። ስትሸጡልኝ ይህን ብትነግሩኝ መለዋወጫውን ያኔውኑ እገዛ ነበር። ሁለተኛው ገመድ አለሽ አይደል እንዳትሉኝ፣ በአንዱ ገመድ አንድ ጉልበት ብቻ ነው የሚሠራው። እናቴ አሁን ቀኙን ትጨርስና ፓዱን ነቅለን ወደ ግራ እናዞራለን። ስለሚሰለቻት ግራውን ብዙ ጊዜ ትተወዋለች።

የምፈልገው ይህ ነው። ለዚሁ ሞዴል የሚሆን፣ ጫፉ የተሸፈነ ሁለት ገመድ ላኩልኝ። የአንዱን ዋጋ እከፍላለሁ፣ ሌላው በተሳሳተው ምትክ ይሁን። የተሳሳተውን በዚያው አውቶቡስ እመልሳለሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን የስፒናውን ፎቶ ላኩልኝ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ እሺ ስል ብቻ ይጫን።